ልጄ ለሌላ ሰው የነገረችው

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። የማንንም ስም አልጽፍም፤ ግማሹ በሕይወት የለም፣ ያለውም ስሙ እንዲነሳ አልፈቀደልኝም። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ባስኩላ ላይ ጆንያ ስመዝን ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛዋ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አራተኛዋ ከቤታችን ፊት ለፊት ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥና አልጋ የምታከራይ የወሎ ሴት ናት። አምስተኛው የአዋሽ ወንዝ የባቡር ድልድይ አጠገብ ሐዲድ የሚጠብቅ አፋር ሽማግሌ ነው። ስድስተኛው ናዝሬት የነበረ የአእምሮ ነርስ ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ላይ ስለቀናሁ ነው።

ቅናት ሲባል ሰው ቶሎ የባልና የሚስት ነገር ይመስለዋል። አባት በልጁ ቃልም ይቀናል። እንዲያውም ይህኛው ይብሳል፤ ስም ስለሌለው፣ ሰው አይገሥጽህም፣ አንተም አትነቃበትም።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ከሚጻፈው የላኪና የተቀባይ ስም፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ከዚያ ዳዊት ደገምኩ፣ አዋጅና ደንብ አነበብኩ፣ ለጎረቤት ደብዳቤና ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ እሱ ያላወቀው ነገር ሁሉ የሌለ ይመስለዋል።

ከአፋሮች ካየሁት ሁሉ የወደድኩት ዳጉን ነበር። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። መደበቅም መጨመርም ነውር ነው። እኔ ይህን ወስጄ የቤቴ ሕግ አደረግሁት። ከትምህርት ቤትም ሆነ ከገበያ የመጣ ልጅ ከፊቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ውሃ የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቼ ውሸት ያልለመዱት በዚህ ነው ብዬ ለሰው እሰብክ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሙቀት ልጅን ውሃ አስጠምቶ ማናገር ምን ያስመካል? ያኔ ግን እመካበት ነበር።

ከአራቱ ልጆቼ ዳጉ የምታውቀው የመጀመሪያዋ ነበረች። አንዲት ነገር አትጥልም። ባቡሩ ውስጥ የተቀመጠችው ሴትዮ ጫማዋ ከኋላ መተጣጠፉን፣ የመምህሩ ድምፅ የተሰበረው ከቤቱ መርዶ ስለመጣበት መሆኑን፣ ሁሉንም ታመጣልኝ ነበር። ሌሎች አባቶች ልጆቻቸው ይፈሯቸዋል። የእኔዋ ትፈራኛለችም ትነግረኛለችም ብዬ በሆዴ እኮራ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ከናዝሬት በተመለሰች በዓመቱ ነገሩ ጀመረ። የደርግ ዘመን መገባደጃ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ቀጥሎ ምግብ ተወች። ከዚያ ልቧን በእጇ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ የምትቀመጥ ሆነች፤ ምን ሆንሽ ስትባል “ምንም” ትላለች። ቃሏ በቀን ወደ ሦስት ወደ አራት ወረደ። ምናልባት አንዲት ጓደኛዋ የደረሰባት ነገር ነው፣ ምናልባት ለዘመቻ የተወሰደ ልጅ ነው፣ ምናልባት እኔ ነኝ። ምናልባት የምለው እስከ ዛሬ ስለማላውቅ ነው።

በምችለው ሁሉ ሞከርኩ። ማልዳ እንድትነሳ አዘዝኩ፤ ሥራ የያዘ ሰው አይጨነቅም ብዬ ቤቱን በኖራ አስቀባኋት። ገሠጽኳት። ባለቤቴ ጠበል ወሰደቻት፤ ለሁለት ሳምንት የተሻላት መሰለና ተመልሳ ወደዚያው ግድግዳ ሄደች። ጎረቤታችን፣ ያቺ የወሎዋ ሴት፣ አንድ ቀን እጇን በሽርጧ እየጠራረገች በራችን ላይ ቆመች። ወንድሟ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ሰርዶ ላይ መኪና ገልብጦ ረዳቱ ከሞተበት በኋላ መሪ ማየት እንኳን እንዳቃተው፣ ናዝሬት ያለ ነርስ እያነጋገረ እያስታመመ ወደ መንገዱ እንደመለሰው ነገረችን።

“ልጄ አላበደችም” አልኳት።

“ወንድሜስ መች አበደ ጋሼ? ዱዓውም ይደረግ፣ ሐኪሙም ይታይ። አላህ ሁለቱንም አልከለከለ፣ እርስዎ ምን ቤት ነዎት?”

ባለቤቴ ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ስላየኋት እሺ አልኩ።

በዚያ ዘመን ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር፤ የጉዞው ምክንያትም ይጻፍበታል። የሌላውን ሰው ማመልከቻ ቀጥ አድርጌ የምጽፈው እኔ፣ የራሴ ላይ ስደርስ እጄ ዞረ። “ለጥርስ ሕክምና” ብዬ ጻፍኩ። ውሸትን ስጠላ የኖርኩ ሰው የመጀመሪያዋን ውሸቴን ማኅተም አስመታኋት።

ነርሱ ይሆናል ብዬ የጠበቅሁት ወጣት፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ፈረንጅኛ የሚቀላቅል ሰው ነው። ያገኘሁት የእኔ እኩያ ነው። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። እኔ ስለ ልጄ ሕመም ሁለት ገጽ ጽፌ ይዤ ነበር፤ መቼ እንደጀመራት፣ ምን እንደምትበላ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ በተራ ቁጥር። ተቀብሎኝ እስከ መጨረሻው አነበበና አጥፎ መዝገቡ ውስጥ ከተተው።

“ደህና ተጽፏል” አለኝ። “የእርስዎን ሰምቻለሁ። አሁን የእሷን ልስማ፤ እዚያ ወንበር ላይ ይጠብቁን።”

ወጣሁ። በሩ ተዘጋ። ከፊት ለፊቴ የግድግዳ ሰዓት ነበር። ለአሥር ደቂቃ ያህል ምንም አልሰማሁም፤ አየህ፣ ለእሱም አትነግረውም አልኩና ቀለል አለኝ። ከዚያ ድምፅዋ ተሰማ። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን የእሷ ነው፣ ሳያቋርጥ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይወርዳል። ሦስት ወር ሙሉ “ምንም” ያለችኝ ልጅ አርባ ደቂቃ ተናገረች። የእሱን ድምፅ የሰማሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ቤቴን ከፍቶ የገባ ሌባ ዕቃዬን ሲያወጣ በር ላይ ቆሜ የማየው ያህል ነው።

ቤት ስንደርስ በርጩማውን አመጣሁና ዳጉ አልኳት። መንገድ ላይ ያየችውን ነገረችኝ፤ መተሐራ ላይ ሸንኮራ የጫነ መኪና ጎማው ፈንድቶ እንደቆመ፣ ባቡር ውስጥ አንድ ወታደር ሕፃን አቅፎ እንደነበር።

“ሐኪሙ ጋስ? ምን ሰማሽ?”

“የሰማሁት የለም አባባ። እኔ ነኝ የተናገርኩት።”

“እንግዲያው የተናገርሽውን።”

ዝም አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ በርጩማ ላይ ዝም ያለችበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ባለቤቴ ውሃ በጣሳ ይዛ መጣችና እኔን ሳታየኝ ሰጠቻት።

በየአሥራ አምስት ቀኑ እንመላለስ ጀመር። ነርሱ ማታ ማታ የምትወስደው ኪኒን ሰጣት፤ እንቅልፏ ተመለሰ፣ መብላት ጀመረች፣ አንድ ቀን ፀጉሯን ስትሠራ አየኋት። እሷ ስትድን እኔ ታመምኩ። ባስኩላው ላይ ቆሜ የማስበው እሱን ነበር። ምን ይላታል? ከእኔ ምን ይበልጣል? እኔ ልጄን ከፊደል እስከ ክፍልፋይ ራሴ ያስተማርኩ፣ እሱ ዝም ብሎ በመቀመጥ ደመወዝ ይበላል። ደግሞስ ዝም ማለት ማን ያቅተዋል ብዬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እጄን እንደ እሱ ጉልበቴ ላይ አጣምሬ፣ አንድም ቃል ሳልናገር፣ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ልጅቱ ከጥልፏ ቀና ብላ በሥጋት አየችኝ።

“አባባ፣ አመመዎት እንዴ?”

ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ ሰማኋት። እኔ አልሳቅኩም። ቅናት ከያዘው ሰው መጀመሪያ የሚጠፋው ሳቅ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበርም ቀልድ ጀምሮ ነበር። ለአራተኛ ጊዜ ይለፍ ስጠይቀው ማኅተሙን በአየር ላይ ይዞ፣ “ጓድ ባስኩላ፣ ይቺ ልጅ ስንት ጥርስ ነው ያላት? ከአዋሽ አዞ ነው እንዴ የወለድካት?” አለኝ። እዚያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ይህንንም በነርሱ ሒሳብ ላይ ጻፍኩት።

በአምስተኛው ጉዞ፣ ሰኔ ላይ፣ ደስ የሚል ነገር ሆነ። ልጄ ያመለከተችበት የመምህራን ማሠልጠኛ ለመስከረም ጥሪ ላከላት። ነርሱ ወረቀቱን አይቶ፣ እንዲህ ከቀጠለች መስከረም ላይ መሄድ ትችላለች፣ ኪኒኑን ግን እንዳታቋርጥ፣ ክረምቱንም እንዳትቀር አለን። ስንወጣ ልጄ በሩ ላይ ዞር ብላ አንድ ነገር አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። በዚያች ሳቅ ምክንያት የሠራሁትን አሁን እጽፋለሁ።

ቤት እንደገባን በርጩማ ላይ አስቀመጥኳትና አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ለዚያ ሰው የምትነግሪው ምንድን ነው? የዚህ ቤት ሕግ ታውቂያለሽ። ካልነገርሽኝ ይለፍ አላወጣም፤ ናዝሬት የለም። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና በዝግታ፣ ሳታለቅስ፣ “እንግዲያው ይቅር” አለች።

ትመለሳለች ብዬ ነበር። ሁለት ቀን፣ ሳምንት፣ ከዚያ ለምና ትነግረኛለች ብዬ። አልለመነችም። ኪኒኑ አለቀ። ባለቤቴ አንድ ቀን ብቻ፣ እራት አቅርባ ከፊቴ ቆማ፣ “የወሰድካት እንድትድን ነበር ወይስ እንድትነግርህ?” ብላ ጠየቀችኝ። ሴት በዚህ አትገባም አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ቃል ግን አልሰጠችኝም። ጎረቤታችን ልትመክረኝ ብትመጣ ከቤቴ አስወጣኋት፤ ነገሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ሐምሌ አለቀ። ልጄ ወደዚያው ግድግዳ ተመለሰች። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ በልቤ የምለው፣ “አየህ፣ እሱም አላዳናትም” ነበር። የልጄ ሕመም ነርሱን ያሸነፍኩበት ማስረጃ ሆነልኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ጧት ሥራ ልሄድ ስል አፋሩ ሽማግሌ ከልጄ ጋር ወደ ግቢያችን ገባ። እሷ ከፊት፣ እሱ ሁለት እርምጃ ከኋላ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ። ልጄ ቀጥ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ባለቤቴ ተከተለቻት። እሱ የግንቡ ጥላ ሥር ቁጭ አለ፤ እኔም ተቀመጥኩ፤ እንደ ሥርዓቱ ዳጉ ጀመረ። ማታ ከላይ በኩል ዝናብ ጥሏል፤ ወንዙ ሞልቷል። የሁለት ሰዎች ግመሎች ተቀላቅለው ተለይተዋል። ሚሌ መንገድ ላይ ነዳጅ የጫነ መኪና ተገልብጧል፣ ሰው አልሞተም። ከዚያ በዚያው ድምፅ ቀጠለ፤ “ልጅህን ድልድዩ ላይ አየሁ። መሐል ላይ ቆማ ታች ታያለች። ወታደሮቹ ‘ቁሚ’ አሉ፣ ጠመንጃ አቀባበሉ። ‘የኔ ልጅ ናት’ አልኩ። ሳቁ። ሄጄ ይዣት መጣሁ።”

ያ ድልድይ ከሥሩ ገደል ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ይለፍ የሌለው ሰው ሲቆምበት ዘቡ ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። ታዲያ በዚያች ሰዓት እንኳን የጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነበር፤ “ምን አለችህ? ለምን ሄድኩ አለች?”

ሽማግሌው ገረመው። አፋር ማንንም አንቱ አይልም፤ እኔንም ሲናገረኝ እንደ ልጅ ነው።

“አልጠየቅኋትም” አለኝ። “አንተ ዳጉ ለምደሃል ይላሉ፤ አልለመድክም። ዳጉ ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው ነው። የሰው ሆድ መንገድ አይደለም። ማንም አያልፍበትም፣ ማንም ወሬውን አያመጣም።”

ተነስቶ ሄደ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል የሰው ባህል ወስጄ ለልጆቼ ጅራፍ አድርጌዋለሁ፤ ባለቤቱ እስኪነግረኝ ድረስ አላወቅሁም።

በዚያው ጧት ቀበሌ ሄጄ በማመልከቻው ላይ “ለአእምሮ ሕክምና” ብዬ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ አነበበው፣ እኔን አየኝ፣ አተመልኝ።

ናዝሬት ስንደርስ መጀመሪያ ለብቻዬ ልግባ ብዬ ነርሱን ጠየቅሁት። ልጄን ያስቀረኋት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። የታመመ ሰው አለ፣ ገንዘብ ጠፋ፣ ዝናብ ነበር ብል ይቀበለኝ ነበር። አላልኩም።

“ቀናሁብዎት” አልኩት። “ለእኔ የማትነግረውን ለእርስዎ ነገረችዎ።”

የተጣፈውን ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ።

“እኔም ሴት ልጅ አለችኝ” አለ። “ለእኔ አትነግረኝም። ለአክስቷ ነው የምትነግረው። አክስቷን ላያት አልወድም።”

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ልጄ በዚያች ሰዓት ውጭ ወንበር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ እኔ የሌላ ሰው ልጅ አባቷን ስለማታናግር ደስ ይለኛል። ሰው በአንድ ጧት አይጸዳም። ለልጆቼ ኃጢአትህን ተናዝዘህ ስትነሳ ንጹሕ ነህ እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ እኔ ግን ተናዝዤም ቅናቴ አብሮኝ ወጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልዩነቱ አሁን ስሙን ማወቄ ነው። ሰዓቱን ማየት ትቼ ወደ ግቢው ወጣሁና ዛፍ ሥር ቆምኩ፤ ድምፅዋ ወደማይሰማበት።

ነርሱ ከመጀመሪያ እንደሚጀምር ነገረን። አጀማመሩ ከፊተኛው ከበደ፤ በመጀመሪያው ቀን የተናገረችውን ልጅ እንደገና ለማናገር ሁለት ወር ፈጀበት፣ ምክንያቱም ነገሩ መልሶ እንደማይዘጋባት አላመነችም። መስከረም መጣና የማሠልጠኛው ጥሪ ቀኑ አለፈ። እስከ ሚያዝያ ተመላለስን። ስንመለስ ዳጉ አልጠየቅሁም። የራሷ ፈቃድ ሆኖ መንገድ ላይ ያየችውን አንዳንዴ ትነግረኝ ነበር፤ እኔም የበለጠ እንዳልፈልግ ጥርሴን እነክስ ነበር።

አሁን የምጽፈው ከሰመራ ነው። በዚያን ዘመን እዚህ ከተማ አልነበረም፤ ከሎግያ ወዲህ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር። ልጄ እዚህ መምህርት ናት፤ እርጅናዬን በቤቷ ያኖረችኝም እሷ ናት። ይህን እንድጽፍ ፈቀደችልኝ፤ አንብባም አንድ ቦታ ብቻ አረመችኝ፤ ድልድዩ ላይ የቆመችው መሐሉ ላይ ሳይሆን ወደ ዳር ነው አለችኝ። ያኔ ምን እንደነበረባት አልነገረችኝም። አልጠየቅኋትም። እፈልጋለሁ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ በየቀኑ።

አባት ለሆናችሁ አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ አእምሮዋን ሲያማት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ አታፍሩ፤ ከወሰዳችኋት በኋላ ደግሞ በሩ ይዘጋ። ከበሩ በስተጀርባ የሚነገረው የእናንተ ንብረት አይደለም።

እኔ መዛኝ ነበርኩና ድምሩን ሳልጽፍ አልተውም። ወደ ናዝሬት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሄድን፤ ለሁለት ሰው ቲኬት፣ ምሳና መድኃኒት ሃያ ሃያ ብር፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ብር። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አምስት ጉዞዎች፣ አንድ መቶ ብር፣ በእኔ ቅናት ከንቱ የቀረ ነው። ባለቤቴ ለጉዞው ብላ የጆሮ ወርቋን ሸጠች፣ ሁለት ወር ከሩብም ባሏን ሳታናግር ኖረች። ጎረቤታችን ካስወጣኋት በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠችም። አፋሩ የጥበቃ ቦታውን ትተሃል ተብሎ የአምስት ቀን ደመወዝ ተቆረጠበት፤ ልክፈልህ ስለው እምቢ አለኝ። ነርሱ የአሥራ አራት ቀጠሮ ሰዓት፣ ከመጀመሪያ ለመጀመር። ልጄ አንድ ዓመት፤ ማሠልጠኛ የገባችው በቀጣዩ መስከረም ነው። እኔ፣ እስክሞት የማልሰማው አንድ ነገር።

ሦስት መቶ ሰማንያ ብር፣ አንድ ጥንድ የጆሮ ወርቅ፣ የአምስት ቀን ደመወዝ፣ አንድ ዓመት።